ፍትሕን ከምርምር ለሚያገናኝ የድኅረ ምረቃ ፌሎሺፕ ማመልከቻ አዘገጃጀት፦ ከጥያቄው እስከ በጀቱ

የሠራተኛ መብትን፣ የመሬት ይዞታን፣ የስደተኞችን ወይም የእስረኞችን ጉዳይ ለሚያጠኑ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች ገንዘብ የሚሰጡ ፌሎሺፖች አሉ። ለእነዚህ የሚቀርቡት ማመልከቻዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በአንድ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ግፍ አብዝቶ ይናገራል፤ የምርምር ዘዴው፣ የጊዜ ሰሌዳውና በጀቱ ላይ ሲደረስ ግን ግፉ የደረሰባቸው ሰዎች የሉም። ገምጋሚ ደግሞ የአመልካቹን ቁም ነገር የሚለካው በእነዚህ ክፍሎች ነው። ለመጓጓዣቸው ብር ያልተያዘላቸው፣ ውጤቱ በቋንቋቸው የማይደርሳቸው ሰዎች በመግቢያው ላይ ቢጠቀሱ ዋጋ የለውም።

ነገሩ እንዲጨበጥ በአንድ ምሳሌ እንሂድ። አንዲት የፒኤችዲ ተማሪ ከዓረብ አገር የተመለሱ የቤት ሠራተኞችን ያልተከፈለ ደመወዝ ጉዳይ ልታጠና ነው እንበል። የእናንተ ርእስ ሌላ ከሆነ አካሄዱን ወደ ራሳችሁ አምጡት። ሥራውን ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን ስድስት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ከሦስት ወር በታች ከሆነ የሚቀጥለውን ዙር መጠበቅ ይሻላል።

1. የሚስማማችሁን ፌሎሺፕ መለየት

መጀመሪያ ገንዘቡ ለምን እንደሚሰጥ ተረዱ። ለትምህርት ክፍያና ለኑሮ ነው? ለመስክ ሥራ ነው? ወይስ መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ለመጻፊያ ጊዜ? የዌነር ግሬን ፋውንዴሽን የመስክ ሥራ ድጋፍ በአንትሮፖሎጂና በተዛማጅ ዘርፍ ለሚማሩ የፒኤችዲ ተማሪዎች ነው። ዜግነት አይለይም፤ እስከ 25,000 ዶላር ይሰጣል። የትምህርት ክፍያ ግን አይሸፍንም፣ ለዩኒቨርሲቲው የአስተዳደር ወጪም አይከፍልም። ማመልከቻው የሚገባው ሜይ 1 እና ኖቬምበር 1፣ ማለትም ሚያዝያ 23 እና ጥቅምት 22 አካባቢ ነው። የሻርሎት ኒውኮምብ ፌሎሺፕ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፒኤችዲ ጥናታቸውን እየጻፉ ላሉ፣ ርእሳቸው የሥነ ምግባር ወይም የሃይማኖት እሴቶችን ለሚነካ ተማሪዎች ነው። የመስክ ሥራ ያልጀመረ ሰው ለእሱ ቢያመለክት ጊዜውን ያባክናል።

የፖልና ዴዚ ሶሮስ ፌሎሺፕ ደግሞ ከፕሮጀክቱ ይልቅ ሰውየውን ነው የሚመዝነው። አሜሪካ ውስጥ ለሚኖሩ ስደተኞችና የስደተኛ ልጆች ነው፤ ማመልከቻው በሚዘጋበት ቀን ዕድሜያቸው ከ30 መብለጥ የለበትም። በሁለት ዓመት እስከ 90,000 ዶላር ይሰጣል። አሜሪካ የተወለዱም ሆኑ በልጅነት የመጡ የኢትዮጵያውያን ልጆች ሊያውቁት ይገባል። በካናዳ የትሩዶ ፋውንዴሽን የዶክትሬት ተማሪዎችን ሲመርጥ ሰብአዊ መብትና ክብርን ከአራቱ ጭብጦቹ አንዱ አድርጎ ነው። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ሲሆን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተመራቂው ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት እንዲቆይም ያስገድዳል። ደንቦች በየዓመቱ ስለሚሻሻሉ የዘንድሮውን ጥሪ ሙሉ ጽሑፍ አትማችሁ፣ “መሆን አለበት” የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ አስምሩባቸው። አንዱን እንኳ ካላሟላችሁ ገምጋሚ ዘንድ ሳይደርስ ይጣላል።

ከሦስት በላይ ፌሎሺፕ በአንድ ወቅት አትያዙ። እያንዳንዱ የየራሱ አንባቢ አለው፤ ያው ጽሑፍ ለአምስት ቦታ ሲላክ ደግሞ ያስታውቃል።

2. ቅሬታውን ወደ ጥያቄ መለወጥ

“በዓረብ አገር በሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ የሚደርስ የመብት ጥሰት” ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ጥሰት አለ። ገምጋሚው ይህን ለማረጋገጥ ገንዘብ አይሰጥም።

ጥያቄ የሚወለደው ሕጉ የሚለውና በተግባር የሚሆነው ከሚለያዩበት ቦታ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛዋን ወደ ውጭ የላከው ኤጀንሲ ለመብቷ ከውጭ አገር አሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ኤጀንሲዎች የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዙም ያዝዛል። እንግዲያው ደመወዟን የተከለከለች ሴት ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለውን አሠሪ ማሳደድ ሳያስፈልጋት አዲስ አበባ ያለውን ኤጀንሲ መጠየቅ ትችላለች ማለት ነው። በተግባር ስንቷ ትጠይቃለች? የጠየቀችውስ የት ላይ ትተወዋለች? ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦

“ተመላሽ የቤት ሠራተኞች ያልተከፈለ ደመወዝን በተመለከተ በአገር ውስጥ ኤጀንሲ ላይ የሚያቀርቡት አቤቱታ ከሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት እስከ ፍርድ ቤት ባለው መንገድ የት ደረጃ ላይ ይቋረጣል? መቋረጡንስ የሚወስነው የማስረጃ እጥረት፣ የጉዳዩ ርዝመት ወይስ ሌላ ነገር ነው?”

ይህ ጥያቄ ሦስት ፈተናዎችን ያልፋል፤ የእናንተንም በእነሱ ፈትኑት። አንደኛ፣ መልሱ ከገመታችሁት ሊለይ ይችላል? ሁለተኛ፣ መልሱን ሊያሳይ የሚችል ሰነድ ወይም ሰው አለ? ሦስተኛ፣ መልሱ ሲገኝ አንድ የሚታወቅ መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር ሊያደርገው የሚችል ነገር ይኖራል? ሦስተኛውን ብዙ ሰው “ለፖሊሲ አውጪዎች ግብዓት ይሆናል” ብሎ ያልፈዋል። ይህ ሐረግ በማመልከቻችሁ ውስጥ ካለ አውጡትና በምትኩ የትኛው ዳይሬክቶሬት፣ የትኛውን ቅጽ ወይም አሠራር ሊለውጥበት እንደሚችል ጻፉ።

አዋጁ በኋላ በቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። ሕግ የሚነካ ፕሮፖዛል ስትጽፉ ከማሻሻያው በፊት የተጻፈ ጽሑፍን ብቻ መጥቀስ በአንድ መስመር ከውድድር ሊያወጣችሁ ይችላል። ነጋሪት ጋዜጣውን ራሱን አንብቡ።

3. ማንን ትጠይቃላችሁ? ማንስ ይቀራል?

ፍትሕ በምርምር ውስጥ መኖር አለመኖሩ የሚለየው በዚህ ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት።

ምሳሌያችን ላይ ቀላሉ መንገድ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያሉ የአቤቱታ መዝገቦችን መውሰድ ነው። ችግሩ መዝገብ የሚኖረው መሥሪያ ቤቱ ድረስ ለደረሰች ሴት ብቻ መሆኑ ነው። በደላላ የሄደች፣ ውል የሌላት፣ ፓስፖርቷ ተቀምቶ በጉዞ ሰነድ የተመለሰች፣ ገጠር ወላጆቿ ዘንድ የገባች አቤቱታ አላቀረበችም። በመዝገቡ ብቻ ብትመሩ አቤቱታ የሚቋረጠው ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ነው ትላላችሁ፤ እውነቱ ግን አብዛኛዋ ገና ከቤቷ አለመውጣቷ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ናሙናውን ሦስት ቦታ ክፈሉት። ለምሳሌ 60 የአቤቱታ መዝገብ፣ አቤቱታ ካቀረቡ 15 ሴቶችና ካላቀረቡ 15 ሴቶች ጋር ቃለ መጠይቅ፣ በተጨማሪ ከመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች፣ ከኤጀንሲዎችና ከጠበቆች 10 ሰው። ቁጥሩ ለምን ይህን ያህል እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ። “አዲስ ነገር መስማት እስኪያቆም ድረስ” የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም፤ በጀት በቁጥር ስለሚሠራ መነሻ ቁጥር ያስፈልጋል።

ሴቶቹን እንዴት እንደምታገኟቸውም ጻፉ። በኤጀንሲ በኩል የተገኘች ሴት ስለ ኤጀንሲው በነጻነት አትናገርም፤ በደላላ በኩል የተገኘችም እንዲሁ። በተመላሽ መጠለያዎች፣ በሴቶች ማኅበራትና በዕድር በኩል መሄድ ይሻላል፤ በአንድ መግቢያ በኩል ከሴቶቹ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትውሰዱ። በቤይሩት በ2017 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች የተመሠረተውን “እኛ ለእኛ በስደት”ን የመሳሰሉ ማኅበራት ብዙ እውቀት አላቸው። ወደ እነሱ ስትቀርቡ ግን የስልክ ቁጥር ዝርዝር ልትጠይቁ አትሂዱ። ጥያቄያችሁ ለእነሱ ይጠቅም እንደሆነ ጠይቁ፣ ለሚያጠፉት ጊዜም በበጀቱ ክፍያ ያዙላቸው።

ቃለ መጠይቁን ሴቶቹ ሥራ ላይ እያሉ በዚያው በዓረብ አገር ማድረግ የሚያስብ ሰው አለ። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ በስልኳ ላይ የተገኘ አንድ መልእክት ሥራዋንም ነጻነቷንም ሊያሳጣት ይችላል። ከተመለሱት ጋር መሥራት ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

4. የሥነ ምግባር ፈቃድና የትብብር ደብዳቤ

ውጭ አገር የምትማሩ ከሆነ የዩኒቨርሲቲያችሁ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ተቋምም ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ጀምሩ። ከዚያ የትብብር ደብዳቤው ከክልል ወይም ከከተማ አስተዳደር ወደ ክፍለ ከተማ ወይም ዞን፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ቀበሌ በየደረጃው እየተመራ ይወርዳል። በየደረጃው ማኅተም አለ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ የሚሆንበት ቀንም አለ። በጊዜ ሰሌዳው ላይ ለዚህ ብቻ አንድ ወር ያዙ። ይህን የረሳ ሰሌዳ አገሩን የሚያውቅ ገምጋሚ ወዲያው ይለየዋል።

የስምምነት ቅጹ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም ሴቲቱ በምትናገረው ቋንቋ መጀመሪያውኑ ተጽፎ ይዘጋጅ። ለወጣት ተሳታፊ እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

“እኔ ተማሪ ነኝ፤ የመንግሥትም የኤጀንሲም ሰው አይደለሁም። ይህ ቃለ መጠይቅ ደመወዝሽን አያስመልስልሽም። ያልተመቸሽ ጥያቄ ካለ ዝለይው። ማቆም ከፈለግሽ ለምን አልልሽም፤ የመጓጓዣውን ብር ያኔም ትወስጃለሽ።”

በዕድሜ ለገፉት “እርስዎ” እያላችሁ አዘጋጁ። “ደመወዝሽን አያስመልስልሽም” የሚለውን ዓረፍተ ነገር አታውጡት፤ ተስፋ አድርጋ የምትመጣ ሴት አለች። ፊርማ የሚያስፈራ ከሆነ በቃል የሚሰጥ ስምምነት እንዲፈቀድላችሁ ኮሚቴውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስምና ስልክ የያዘው ዝርዝር ከቃለ መጠይቁ ተለይቶ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ ድምፁም ወደ ጽሑፍ ተገልብጦ ከተመሳከረ በኋላ የሚጠፋበት ቀን ይወሰን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ መረጃውን ወደ ውጭ አገር ኮምፒውተር መላክንም ማስረዳት ይጠበቅባችኋል። ድብደባ ወይም አስገድዶ መድፈር የደረሰባት ሴት ታሪኳን ስትጀምር ምን እንደምታደርጉ፣ ወደ የትኛው የምክር አገልግሎት እንደምትመሯት ከወዲሁ ይታወቅ፤ ለአገልግሎቱ የሚከፈል ካለ በበጀት ይግባ።

5. ባለ 1,000 ቃሉ ፕሮፖዛል

ብዙዎቹ ፌሎሺፖች የሚጠይቁት ከሁለት እስከ አምስት ገጽ ነው። 1,000 ቃል ቢሰጣችሁ እንዲህ አከፋፍሉት፦ ጥያቄው 150፣ እስካሁን የሚታወቀውና የጎደለው 200፣ ዘዴው 350፣ የተሳታፊዎች ደኅንነት 120፣ የጊዜ ሰሌዳው 80፣ ውጤቱ ለማን እንዴት እንደሚደርስ 100። ብዙ ረቂቅ ላይ ክፍፍሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ ችግሩን ለማስረዳት 600 ቃል ይሄዳል፣ ዘዴው በ100 ቃል ይጨመቃል።

ጥያቄው ከመጀመሪያው አንቀጽ አይውጣ። ገምጋሚ በአንድ ቀን ብዙ ማመልከቻ ስለሚያነብ እስከ ሁለተኛው ገጽ አይታገሣችሁም። ከዘርፋችሁ ውጭ ያለ አንድ ሰው፣ ለምሳሌ የኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ ያንብበውና ጥያቄያችሁን በራሱ አባባል ይንገራችሁ። ካልቻለ እንደገና ጻፉት።

6. የግል መግለጫ

ይህ ከፕሮፖዛሉ የተለየ ጽሑፍ ነው፤ አንዱን ወደ ሌላው አትገልብጡ። እዚህ የሚፈለገው እናንተ ለጉዳዩ ምን እንደሠራችሁ ነው። “ለፍትሕ ጽኑ ፍቅር አለኝ” ከማለት “በሕግ ድጋፍ መስጫ ማዕከል ለሁለት ዓመት በሳምንት አንድ ቀን አቤቱታ ጽፌያለሁ” ማለት ይበልጣል፤ ያደረጋችሁት ከሆነ። የራስን ወይም የቤተሰብን መከራ መጻፍ ግዴታ አይደለም። ከጻፋችሁም ከጥያቄው ጋር የሚያገናኘውን ብቻ ጻፉ። የሌላ ሰው መከራ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ የእናትም ቢሆን።

7. በጀት

ገምጋሚ ከፕሮፖዛሉ ቀጥሎ የሚከፍተው በጀቱን ነው። ቁጥሩ ከዘዴው ጋር መገጣጠም አለበት። በምሳሌያችን 40 ቃለ መጠይቅ አለ፤ እያንዳንዱ በአማካይ 75 ደቂቃ ቢፈጅ 50 ሰዓት ድምፅ ይሆናል። አንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ወደ ስድስት ሰዓት ስለሚፈጅ 300 ሰዓት፣ ማለትም በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 38 የሥራ ቀን ያስፈልጋል። ትርጉም ከተጨመረ ከዚያም ይበልጣል። “የጽሑፍ ግልባጭ፦ 500 ዶላር” ብሎ ያለ ስሌት መጻፍ ሥራውን እንደማታውቁት ይናገርባችኋል።

የማይረሱ መስመሮች እነዚህ ናቸው፦ ለተሳታፊ መጓጓዣና ላጠፋችው ጊዜ፣ ልጅ ይዛ ለምትመጣ የልጅ ጠባቂ፣ ሰው የማይሰማበት ክፍል ኪራይ፣ ለአስተርጓሚ፣ ለአጋር ማኅበር፣ ውጤቱን በአማርኛ በአራት ገጽ አሳትሞ ለማከፋፈል፣ ውጤቱን ለተሳታፊዎቹ መልሶ ለመንገር ለሚደረግ ስብሰባ። ለተሳታፊ የሚሰጠው ብር የቀን ገቢዋን የሚተካ ይሁን እንጂ ለመናገር የሚያስገድዳት ያህል አይብዛ። መጠኑን ለመወሰን አጋር ማኅበሩን አማክሩ።

በጀቱን በዶላር አዘጋጁ፤ ከጎኑ የብሩን ዋጋና ምንዛሪው የተወሰደበትን ቀን አስፍሩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ቀን የሌለው የብር ዋጋ ትርጉም የለውም። ፌሎሺፑ የማይከፍለውን ወጪ ደግሞ በስሕተት እንኳ አታስገቡ።

8. የድጋፍ ደብዳቤና ሰነድ

ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን ከስምንት ሳምንት በፊት ጠይቁ። ፕሮፖዛሉን፣ ሲቪያችሁን፣ የፌሎሺፑን መመዘኛና እያንዳንዱ ሰው በተለይ ሊመሰክርበት የሚችለውን ነገር በአንድ ገጽ ላኩላቸው። አንዱ ስለ ምርምር ችሎታችሁ፣ ሌላው ስለ መስክ ሥራችሁ፣ ሦስተኛው ከማኅበረሰቡ ጋር ስላላችሁ ግንኙነት ቢጽፉ ደብዳቤዎቹ ይደጋገፋሉ። “አንተው ረቂቁን ጻፈውና እፈርማለሁ” የሚል መምህር ካጋጠማችሁ በትሕትና “ነጥቦቹን ላዘጋጅልዎት፣ ጽሑፉ ግን የእርስዎ ቢሆን ይመረጣል” በሉት። በአንድ እጅ የተጻፉ ሦስት ደብዳቤዎች ያስታውቃሉ። መምህሩ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይሉን የማይከፍት ከሆነ ደብዳቤ መላኪያው ሊንክ እንደደረሰው ደውላችሁ አረጋግጡ።

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ ከሆነ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ የኮስት ሼሪንጉ ጉዳይ ማለቅ አለበት፤ ሬጅስትራር ዘንድ የሚፈጀው ጊዜም ተጨምሮ ይታሰብ። ስማችሁ በፓስፖርት፣ በዲግሪና በትራንስክሪፕት በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉን ተመልከቱ። የአያት ስም በአንዱ ላይ ኖሮ በሌላው ላይ ከሌለ ሁሉም ሰነዶች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከሬጅስትራር አውጡ።

9. ማስገባት

ሰዓቱን አስሉ። በኅዳር አጋማሽ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል “11፡59 ፒኤም” ላይ የሚዘጋ ማመልከቻ አዲስ አበባ ላይ በማግስቱ በእኛ ሰዓት ከጧቱ 1፡59 ይዘጋል፤ ሰዓታቸውን ከሚለውጡበት ከኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ በፊት ከሆነ ግን 12፡59 ላይ ነው። “5፡00 ፒኤም” የሚል ካለ በኅዳር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። መብራትና ኢንተርኔት ሊቋረጡ ስለሚችሉ ከሁለት ቀን በፊት አስገቡ። የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ፋይል ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር ፊደሉ ባዶ ሣጥን እንዳይሆን በሌላ ሰው ስልክ ከፍታችሁ እዩ።

10. ቃለ መጠይቅ ከተጠራችሁ

ሁለት ጥያቄዎች አይቀሩም። አንዱ “ውጤቱ ከጠበቅሽው ተቃራኒ ቢሆንስ?” የሚል ነው። ምሳሌያችን ላይ ኤጀንሲዎች በአብዛኛው ከፍለው ቢገኙ ተማሪዋ ያንን ለማተም ዝግጁ መሆኗን በግልጽ መናገር አለባት። ሌላው “ይህ ጥናት ማንን ሊጎዳ ይችላል?” የሚል ነው። “ማንንም” የሚል መልስ ገምጋሚዎቹን አያሳምንም፤ ለምሳሌ አቤቱታ የሚመሩት ዝቅተኛ ባለሙያዎች ለመሥሪያ ቤቱ ጉድለት ተወቃሽ እንዳይሆኑ ምን እንደምታደርጉ ንገሯቸው።

11. መልሱ ከመጣ በኋላ

ካለፋችሁ ሌላ ፌሎሺፕ አብሮ መያዝ ይፈቀድ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። አሜሪካ በኤፍ (የተማሪ) ወይም በጄ (የልውውጥ) ቪዛ ካላችሁ ከትምህርት ክፍያ ውጭ ለኑሮ ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ በተለምዶ 14 በመቶ ግብር ተቀንሶ ይደርሳችኋል፤ ከ20,000 ዶላር 2,800 ማለት ነው። ፉልብራይትን በመሰለ የመንግሥት ድጋፍ በጄ ቪዛ የሄደ ሰው ደግሞ ለአንዳንድ የአሜሪካ ቪዛዎች ብቁ ከመሆኑ በፊት ሁለት ዓመት በአገሩ መቆየት ግዴታው ነው። የመስክ ቦታ በጸጥታ ምክንያት ከተዘጋ ለፌሎሺፑ ወዲያው ጻፉ፤ አማራጭ ቦታ በፕሮፖዛሉ ላይ ቀድሞ ካለ ለውጡን ማስፈቀድ ይቀልላል።

ካላለፋችሁ የገምጋሚዎቹን አስተያየት ጠይቁ። ዌነር ግሬን ድጋሚ ማመልከት ይፈቅዳል፤ ከበፊቱ ምን እንደተለወጠ እንድታስረዱም ይጠይቃል። አስተያየቱን ባገኛችሁ ቀን መልስ አትጻፉለት። ከሳምንት በኋላ እያንዳንዱን ነጥብ በአንድ ሠንጠረዥ አስፍሩ፤ በግራ የተባለው፣ በቀኝ የምትለውጡት። ያልተስማማችሁበት ነጥብ ካለ ለምን እንዳልለወጣችሁት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉና ለአማካሪያችሁ አሳዩት።